ለትልቅ የጨው ውሃ አኳሪየም ፕሮቲን ስኪመር እንዴት ይመረጣል?

ፕሮቲን ስኪመር፣ ማለትም የጨው ውሃ ገንዳን ቆሻሻ በአረፋ እየለየ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው በካርቶኑ ላይ የታተመውን የሊትር መጠን ነው። ይህ ቁጥር አምራቾች ሁሉ በተስማሙበት አንድ መለኪያ የወጣ ስላልሆነ፣ አንዱ «እስከ 1500 ሊትር» ያለው መሣሪያ ሌላው በዚያው ቁጥር ከሚሸጠው ጋር እኩል ነው ብሎ መውሰድ አይቻልም። ከገንዳው ስፋት ይልቅ ለምርጫው መሠረት መሆን ያለበት በውሃው ላይ የሚያርፈው የቆሻሻ ጫና ነው፤ ይህም በዓሣዎቹ ብዛትና ግዝፈት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ በሚጨመረው ምግብ ይወሰናል።

መሣሪያው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ መለየት ምርጫውን ያቀልላል። ከዓሣ እዳሪ፣ ከምግብ ትርፍራፊና ከኮራል ልፋጭ ወደ ውሃው ከሚገቡት ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ብዙዎቹ በአንድ ጫፋቸው ውሃን ይስባሉ፣ በሌላው ጫፋቸው ይሸሹታል፤ ስለዚህ አየርና ውሃ የሚገናኙበትን ገጽ ሲያገኙ እዚያው ይጣበቃሉ። ስኪመሩ በሰውነቱ ውስጥ እጅግ ብዙ ደቃቅ የአየር አረፋ በመፍጠር ይህን ገጽ ያበዛዋል፤ ቆሻሻ የተሸከመው አረፋም በአንገቱ በኩል ወጥቶ ኩባያው ውስጥ ይጠራቀማል። በጨዋማ ውሃ ውስጥ አረፋዎች ቶሎ ስለማይዋሃዱ ደቃቅ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ መሣሪያው ጨው በሌለው ውሃ እምብዛም የማይጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው። በውሃው ውስጥ አስቀድሞ የተሟሟ ናይትሬትንና ፎስፌትን በቀጥታ አያወጣም፤ የሚያወጣው ባክቴሪያዎች ወደዚያ ከመለወጣቸው በፊት ያለውን ቆሻሻ ነው። ከዚህም ጋር ውሃውን ከአየር ጋር በማቀላቀል ኦክስጅን ይጨምርለታል፤ ብዙ ዓሣ ላለበት ትልቅ ገንዳ ይህ ጥቅም ሊናቅ አይገባም።

በመጀመሪያ ትክክለኛውን የውሃ መጠን ያስሉ። ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 70፣ ቁመቱ 65 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ሲባዛ 910 ሊትር ይሆናል፤ ነገር ግን ውሃው ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ 840 ሊትር ይቀራል፣ ድንጋዩና አሸዋው 90 ሊትር ያህል ቦታ ከያዙ ደግሞ 750 ይሆናል። ከሥር ያለው የማጣሪያ ገንዳ፣ ማለትም ሳምፑ፣ 150 ሊትር ቢይዝ ጠቅላላው 900 ሊትር ነው። ቀጥሎ አምራቹ ለቀላል፣ ለመካከለኛና ለከባድ ጫና ለየብቻ የሰጣቸውን ቁጥሮች ይመልከቱ። በዚሁ 900 ሊትር ውስጥ ጥቂት ትናንሽ ዓሣዎችና ኮራል ብቻ ከሆኑ የቀላሉን፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመገቡ ትላልቅ ዓሣዎች ከሆኑ ግን የከባዱን ቁጥር መከተል ይገባል። አንድ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ጫናውን የማይጠቅስ አምራች ካጋጠመዎት፣ ያ ቁጥር ለቀላል ጫና የተሰጠ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

«ትልቅ ስኪመር መቼም አይጎዳም» የሚለው ምክር በሰፊው ይሰማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። አረፋ በአንገቱ ውስጥ ሳይፈርስ ቆሞ ወደ ላይ ሊወጣ የሚችለው የሚያጸናው ኦርጋኒክ ቆሻሻ በበቂ መጠን ሲኖር ነው። አንገቱ ሰፊ፣ ቆሻሻው ግን ጥቂት ከሆነ አረፋው ግማሽ መንገድ ይደርስና ይፈርሳል፤ ኩባያው ለቀናት ደረቅ ሆኖ ይከርምና ብዙ ምግብ በተጨመረበት ዕለት ብቻ ይሞላል። ስለዚህ ሁለት መሣሪያዎች በቁጥር ሲቀራረቡ የአንገታቸውን ስፋት ያወዳድሩ፤ ጫናው ቀላል ለሆነ ገንዳ ጠበብ ያለው፣ ለከባድ ጫና ሰፋ ያለው ይመረጣል። ወደፊት ዓሣ ለመጨመር ካሰቡ ጥቂት ትርፍ አቅም መያዝ ተገቢ ነው፤ ከሚያስፈልገው በእጥፍ የሚበልጥ መግዛት ግን ተገቢ አይደለም።

ከአንገቱ ቀጥሎ የሚታየው በሰዓት ስንት ሊትር አየር እንደሚስብ ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ የፓምፑን የውሃ መጠን ያጎላሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ግን አየሩ ነው፣ ያውም በደቃቁ ተሰባብሮ ከውሃው ጋር በቂ ጊዜ ሲቆይ። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚገኙት ስኪመሮች ፓምፓቸው ውስጥ እንደ መርፌ የቆሙ ዘንጎች ያሉት መዘውር ይዘው አየሩን የሚሰባብሩ ናቸው፤ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ብዙ ደቃቅ አረፋ ስለሚሰጡ ለቤት ገንዳ እነዚህን እመርጣለሁ። ሰውነታቸው ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ሞዴሎች ውሃው ሳይናወጥ አረፋውን ወደ አንገቱ ያደርሳሉ። ፍጥነቱ የሚስተካከል ፓምፕ ደግሞ ጫናው ሲለዋወጥ ማስተካከያ ስለሚሰጥ ተጨማሪ ወጪው አያስቆጭም።

ብዙዎች ሳይለኩ የሚያልፉትና በኋላ የሚቸገሩበት ጉዳይ ሳምፑ ነው። ሳምፕ ውስጥ የሚቀመጥ ስኪመር የተሠራው ለተወሰነ የውሃ ጥልቀት ነው፤ ለምሳሌ ከ18 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር የሚል መመሪያ ሊኖረው ይችላል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ውሃውን ከሳምፑ ወደ ገንዳው የሚመልሰው ዋናው ፓምፕ እየሠራ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ከላይ የሚወርደው ውሃ ሳምፑን ስለሚሞላው ልኬቱ የተሳሳተ ይሆናል። ጥልቀቱ ከመመሪያው ካነሰ ስኪመሩን ዝቅ ማድረግ ስለማይቻል ውሃው በመለያ ግድግዳ ከፍ መደረግ አለበት፤ ከበለጠ ግን ከሥሩ ጠንካራ ማስቀመጫ ማድረግ ይበቃል። ጥልቀቱ እንዳይለዋወጥ፣ በትነት የሚጎድለው ውሃ የሚቀንስበት ክፍልና ስኪመሩ የሚቀመጥበት ክፍል የተለያዩ ይሁኑ። የወለሉን ስፋትም ከነፓምፑ ይለኩ፤ ከክዳኑ በላይ ደግሞ ኩባያውን ነቅሎ ለማውጣት የሚበቃ ክፍተት ከካቢኔው ጣሪያ በታች መቅረቱን ያረጋግጡ። ኩባያው በቀላሉ የማይወጣ ከሆነ ጽዳቱ መዘግየቱ አይቀርም፤ አንገቱን የሸፈነው ቅባታማ ቆሻሻም አረፋው እንዳይወጣ ያደርገዋል። አንገቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ መጠረግ ስላለበት እጅ የማይገባበት ጠባብ ቅርጽ ያለውን ሞዴል ይተዉት።

አዲስ ስኪመር ወዲያው በትክክል አይሠራም፤ ውስጡ በስሱ የቆሻሻ ሽፋን እስኪለበስ ድረስ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ በዚህ ጊዜም ማስተካከያውን በየሰዓቱ መነካካት አይገባም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ወይም አንዳንድ መድኃኒትና የኮራል ማጣበቂያ ወደ ውሃው ሲገባ፣ አረፋው በድንገት ሊገነፍል ይችላል፤ ስለዚህ ከኩባያው የሚወጣው ቱቦ ወደ ሌላ ዕቃ እንዲፈስ ያድርጉ፣ ዕቃው ሲሞላም የስኪመሩን ፓምፕ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያና ማጥፊያ ይግጠሙለት። አለበለዚያ ስኪመሩ የገንዳውን ውሃ ሲያፈስ፣ የጎደለውን በንጹሕ ውሃ የሚሞላው መሣሪያ ያለማቋረጥ ጨው አልባ ውሃ ይጨምራል፤ በዚህም ጨዋማነቱ ይወርዳል፣ ኮራሎቹና ዓሣዎቹም ይጎዳሉ።