ቮልሱን ከመሸጥዎ በፊት ቀለም አያስቀቡት

ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ዓመታት የቆመ ቮልስ አለዎት? ልሸጠው ካሉ፣ እባክዎ መጀመሪያ ቀለም ቤት አይውሰዱት። አሮጌ መኪና የሚያድስ ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ ይጠራጠራል። ከሥሩ ስቱኮ ይሁን ዝገት በምን ያውቃል? አጥበው እንዳለ ያሳዩት።

የኋላ ወንበሩን ያንሱ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ በቀኝ በኩል ነው፤ አሲድ እየፈሰሰ ወለሉን የሚበላውም እዚያው ነው። ላሜራው ተበስቶ ከሆነ ፎቶ አንስተው ለገዢው በግልጽ ያሳዩ። የሻንሲ ቁጥሩም ከዚያው ወንበር ሥር ታትሟል። በጨርቅ ጠርገው ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አንዲት ቁጥር ብትዛነፍ ስም ማዛወሩ ላይ ፍዳ ነው።

ሞተሩን ደግሞ ገዢ መጣ ብለው በችኮላ አያስነሱት። አሮጌው ቤንዚን ይውጣ፣ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ይግባ፣ ከዚያ በእጅ ይዙር። እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ "ሞተሩ ነክሷል" ብሎ መሸጥም ይቻላል።

የተፈታ ነገር ሁሉ፣ የመስኮት ጎማም ሆነ የቸርኬ ክዳን፣ በካርቶን ይሰብሰብ። ኦሪጅናሉ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ደላላው "ለቁራሌው ይስጡት" ቢልዎት አይስሙት።