ከመሀል አዲስ አበባ ተነስቶ ቆቃ ላይ ካርፕ ማጥመድ

የምኖረው ስታዲየም አካባቢ ነው። ዓሣ መብላት ሲያምረኝ ምግብ ቤት ሞልቷል። ማጥመድ ሲያምረኝ ግን ቆቃ እወርዳለሁ። ሐይቅ እንለዋለን እንጂ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ውሃ ነው። ካርፕ የሚባለው ዓሣም ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር፤ አሁን ባለአገር ሆኗል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ዘንግ፣ ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት)፣ ጠንካራ የናይሎን ክር፣ ክሩን ወደ ታች የሚያወርድ የእርሳስ ክብደት፣ የትንሿን ጣት ጥፍር የሚያህል መንጠቆ። ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ይይዛል የሚሉትን አትስሙ።

ዋናው ሥራ መንጠቆው ላይ የሚሰካውን ምግብ ማዘጋጀት ነው፤ እሱም ዋዜማውን ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሁለት እጅ በሶ፣ አንድ እጅ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ማንኪያ ማር። ውሃውን ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። መጀመሪያ ጊዜ በሶ ብቻ ይዤ ሄጄ ውሃ ሲነካው ተበተነ፤ ግማሽ ቀን ባዶ መንጠቆ ስጠብቅ ዋልኩ። የሚያያይዘው ዱቄቱ ነው። ለመሞከር በአተር ልክ ድብልብል አድርጉና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት። 20 ደቂቃ ሳይፈርስ ከቆየ ደርሷል። ከፈረሰ ዱቄት ጨምሩ። እንደ ድንጋይ ከጠጠረም አይሆንም፤ መንጠቆው ሾልኮ መውጣት አለበት። ጎን ለጎን የበቆሎ ንፍሮ ቀቅሉ። የተረፈው ለእናንተ ቁርስ ይሆናል።

ሌሊት 11 ሰዓት ውጡ። ከቃሊቲ ሞጆ፣ ከሞጆ ቆቃ።

ስትደርሱ ዳር ያሉትን አጥማጆች ሰላም በሉና የት መጣል እንደሚቻል ጠይቁ። መረብ በተዘረጋበት ላይ ከጣላችሁ ጠብ ነው። ውሃው ውስጥም አትግቡ፤ ጉማሬና አዞ አለ። የመጠጥ ውሃ ከቤት ያዙ፤ የቆቃ ውሃ አንዳንዴ ቅጠል የተፈጨበት ይመስል አረንጓዴ ይሆናል።

ካርፕ የሚለቅመው ከታች ከጭቃው ነው፤ ስለዚህ እርሳሱ መሬት ይንካ። አንድ እፍኝ ንፍሮ እዚያው በትኑ። ከዚያ ጠብቁ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ መጣ። ካርፕ አፉ ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ምግቡን ይመጠምጣል፣ ይተፋል፣ መልሶ ይመጠምጣል። የዘንጉ ጫፍ ነቅነቅ ሲል ከጎተታችሁ ከአፉ ነጠቃችሁት ማለት ነው። ክሩ ተወጥሮ መሄድ ሲጀምር ብቻ ዘንጉን ቀና አድርጉ።

የሪሉን ፍሬን ደግሞ አላሉት፤ ዓሣው ሲጎትት ክሩ ይለቀቅ። እኔ ጥብቅ አድርጌው፣ ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ከቴርሞስ ሻይ ልቀዳ ዞር አልኩ። ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘንጌ ሪሉን እንደተሸከመ ወደ መሀል ሲንሳፈፍ አየሁት። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ አንድ ለዜሮ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዘንጉን በገመድ ካስማ ላይ ሳላስር ሻይ አልቀዳም።

ከያዛችሁ ሆዱን እዚያው አጽዱ፤ ሁለት ፌስታል ደርቡበት፣ አለዚያ ታክሲ ውስጥ ፊት ይነሷችኋል። ካርፕ ቀጫጭን አጥንት ይበዛዋል። ለጉላሽ አልመክረውም። ጎንና ጎኑን በቢላ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ብጡትና የፈላ ዘይት ውስጥ ጣሉት፤ አጥንቱ አብሮ ይኮረሸማል።