ፊልጵስዩስ 4፥13፦ «ሁሉን እችላለሁ» ስንል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተማሪ ሳለሁ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ቃል ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌው ነበር። ፈተና ሲደርስ እጄን ጭኜበት እጸልይ ነበር። ፈተናውን ስወድቅ ግን ደብተሩን ማየት አስጠላኝ፤ ወይ እግዚአብሔር ትቶኛል፣ ወይ እምነቴ የውሸት ነው አልኩ። ሁለቱም አልነበረም። ቃሉን ከቦታው ነጥዬ ነበር የያዝኩት።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ ሌሎቹም የሚወለዱት ከዚሁ ነው። ጳውሎስ ይህን የጻፈው እስር ላይ ሆኖ፣ የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ ለላኩለት ስጦታ ሲያመሰግን ነው። እስቲ ከቁጥር 11 ጀምሩ። «የምኖርበት ኑሮ ይብቃኝ ማለትን ተምሬአለሁ» ይልና መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ይቆጥራል። «ሁሉን» ያለው ይህን ሁሉ ነው፤ ግማሹ ረሃብና ጉድለት ነው።

ሁለተኛው፣ «እችላለሁ» ሲባል ማሸነፍን ብቻ መስማት ነው። የገዛ ቋንቋችን ግን ሌላም ያስተምረናል። መከራን ችሎ ያለፈ ሰው «ቻይ ነው» ይባላል። የጳውሎስ እችላለሁ ለዚህኛው መቻል ይቀርባል፤ የግሪኩም ቃል ብርቱ መሆንን ያመለክታል። ደግሞ «ተምሬአለሁ» ነው ያለው፤ በአንድ ሌሊት ጸሎት የተቀበለው አይደለም። የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9)። እዚያ «ይበቃሃል»፣ እዚህ «ይብቃኝ»፤ በአማርኛም ሆነ በግሪኩ ሁለቱ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ይህን ያየሁ ቀን ጥቅሱን እንደ አዲስ ወደድኩት።

ሦስተኛውን ሳስብ ልቤ ያዝናል። የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ ይህን ጥቅስ እየጠቀሱ «ብታምን ኖሮ ትነሳ ነበር» ማለት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። አፍሮዲጡ ራሱ ታሞ ለሞት እንኳ ቀርቦ ነበር (ፊልጵስዩስ 2፥27)። የጉዞ ባልደረባው ጥሮፊሞስም በታመመ ጊዜ ጳውሎስ በሚሊጢን ከተማ ትቶት ሄዷል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)። አንዳቸውንም በእምነት ማነስ አልወቀሰም።

አራተኛው አጭር ነው፤ «ክርስቶስ ካለኝ ሰው ምን ያደርግልኛል» ማለት። ጳውሎስ ሁሉን እችላለሁ ባለበት አፍ ወዲያው «ሆኖም በመከራዬ ከእኔ ጋር መካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ» ይላቸዋል። በተሰሎንቄ ሳለ እንኳ አንድ ሁለት ጊዜ ልከውለት እንደነበር አልረሳም።