ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ወረፋው ጋ ሂዱ

ህዝብ ግንኙነት የተማርኩት በማታ ነው። ቀን በአንድ ከተማ ውሃ አገልግሎት እሠራለሁ፣ ማታ ክፍል እገባለሁ። የተማርኩትን ለመሞከር ምርቃት አልጠበቅኩም፤ በማግስቱ ጠዋት ሥራው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ጆን ማርስተን የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 የህዝብ ግንኙነትን ሥራ በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ ጥናት፣ ተግባር፣ ተግባቦት፣ ግምገማ። እኛ ቢሮ ግን ሁልጊዜ የምንጀምረው ከሦስተኛው ነበር። አለቃዬ "ማስታወቂያ አውጪ" ይለኛል፣ አወጣለሁ።

አንድ ቀን "ውሃ ነገ ከ3፡00 ጀምሮ ይለቀቃል" ብዬ ለጠፍኩ። የማታውን ማለቴ ነበር። አንዲት እናት ያነበቡት ግን የጠዋቱን ነው። "ልጄ፣ ጀሪካኖቼን ደርድሬ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ ዋልኩ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ "ጠዋት" ወይም "ማታ" ሳልል ሰዓት ጽፌ አላውቅም።

ጥናት ሲባል የግድ መጠይቅ ማባዛት አይደለም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ደብተር ይዛችሁ ወረፋው ጋ ሂዱና ሰው የሚለውን እንደወረደ ጻፉ። ማንም "የአቅርቦት መቆራረጥ" አይልም። "ውሃ ጠፋ" ነው የሚለው። የእኔ ደብተር ላይ ሦስት ጥያቄ ደጋግሞ መጣ፦ መቼ ይመጣል? እስከዚያ ከየት ልቅዳ? ለማን ልደውል? ማስታወቂያው እነዚህን ከመለሰ ሌላው ትርፍ ነው።

የድሮው ማስታወቂያችን እንዲህ ይል ነበር፦ "በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት የውሃ አቅርቦት ለተወሰነ ጊዜ የተቋረጠ መሆኑን እየገለጽን ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።" አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፦ "የጉድጓዱ ፓምፕ ተቃጥሏል። ከገበያው በታች ያሉ ሰፈሮች እስከ ሐሙስ ማታ ውሃ አያገኙም። ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ቦቴ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቆማል፤ ጀሪካን ይዛችሁ ኑ።" ከሥሩ ስልክ አለ። ስልኩን የሚያነሳ ሰው መኖሩን ሳታረጋግጡ ግን ቁጥር አትጻፉ።

አለቃዬ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። "ፓምፕ ተቃጠለ ካልን ይሰድቡናል" አለኝ። ክፍል የተማርነውን፣ ከህዝብ ግንኙነት ሙያ ጀማሪዎች አንዱ የሆነውን የአይቪ ሊን ታሪክ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ውሃ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው ሲሞት፣ ሊ የባቡር ድርጅቱ አደጋውን ከመደበቅ ይልቅ ራሱ መግለጫ እንዲሰጥ አደረገ። ሰው እውነቱን ከእናንተ ካልሰማ ከጎረቤት ይሰማል፤ የጎረቤት ወሬ ደግሞ እየሰፋ ነው የሚሄደው። አለቃዬ "እስቲ አንዴ እንሞክረው" አለ። ሞከርነው፣ በዚያው ቀረ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ቴሌግራም ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ለጥበቃው፣ ለገንዘብ ተቀባይዋና ለቆጣሪ አንባቢዎቹ ንገሩ። ትምህርቱ "የውስጥ ተግባቦት" ይለዋል። ደንበኛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው በር ላይ ያለውን ጥበቃ ነው። እሱ "እኔ ምን አውቃለሁ" ካለ የእናንተ ማስታወቂያ ዋጋ የለውም። እኔ አሁን ወረቀቱን አትሜ በመጀመሪያ ለእሱ ነው የማነብለት። ያልገባው ቃል ካለ እዚያው እቀይረዋለሁ። ስልክ ለማይጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ለእድር ሰብሳቢዎች እደውላለሁ።

ግምገማውም ከባድ አይደለም። መረጃ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ "መቼ ይመጣል?" ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ደብተር ላይ አንድ ሰረዝ ታሰምርልኛለች። ከተለጠፈ በኋላም ሰረዙ ከበዛ ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው። ከምሳ በፊት አንስቼ ሌላ እለጥፋለሁ።