የሰፈር ደመራ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ እሳቱም ትርጉሙም እንዳይበላሽ

መስከረም 16 ማምሻውን በመስቀል አደባባይ የሚለኮሰውን ደመራ የሚያቆሙት ሥራውን የለመዱ ሰዎች ናቸው። ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ ወይም ከእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ግን ነገሩ የሚወድቀው በብሎክ ወጣቶችና በእድር አባቶች ትከሻ ላይ ነው። እንጨቱ በዋዜማው ይገዛል፣ ቋሚው በጥድፊያ ይተከላል፤ ሲለኮስ ወይ አልነድም ይላል ወይ ከልክ በላይ ይነዳል። የፕሮግራሙ ንግግርና ግጥምም እንዲሁ በመጨረሻው ሰዓት ይጻፋል። ከዚህ በታች ያሉት በየዓመቱ የሚደጋገሙ ስህተቶች ናቸው።

እርጥብ እንጨት መግዛት

ነሐሴ ላይ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ለመስከረም አይደርስም። ላዩ የደረቀ የሚመስለው አጣና ሲፈለጥ ውስጡ እርጥብ ነው። ሁለት ፍልጥ አጋጩ፦ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድፍን ይላል። እርጥብ እንጨት ሲለኮስ ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያልቀው ውስጡ ያለውን ውኃ በማትነን ስለሆነ ነበልባል ሳይሆን ጭስ ብቻ ይወጣል። መፍትሔው ግንቦት ላይ ገዝቶ፣ ፈልጦ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ ከላይ ቆርቆሮ ከጎን ግን ነፋስ እንዲያገኘው ማስቀመጥ ነው። የዘገየ ሰው ከግንባታ ቦታ የተራረፈ ጣውላ ያገኛል፤ ዳር ከተማው ላይ ይህ አይጠፋም። ሆኖም ቀለም ወይም የተቃጠለ ዘይት የነካው አይሁን፣ ሚስማሩም ይነቀል።

«በታሪኩ የሰገደው ጢሱ አይደል? ታዲያ ይጢስ!» የሚል አይጠፋም። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ኪራኮስ የተባለ ሽማግሌ፣ መስቀሉን ትፈልግ የነበረችውን ንግሥት እሌኒን እንጨት አስደምራ ዕጣን እንድትጨምርበት መከራት፤ ጢሱም ወጥቶ ወደ ጎልጎታ ሰገደ። እሱ የዕጣን ጢስ ነው። እሱን ለማስታወስ ፍሕም ላይ የተጣለ አንድ እፍኝ ዕጣን ይበቃል።

ቤንዚን ማርከፍከፍ

የእርጥብ እንጨት ልጅ ይህ ስህተት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ችቦ ወደያዘው ሰው እግር ይደርሳል፤ እሳቱም ደመራውን ሳይሆን መጀመሪያ ሰውየውን ያገኛል። የጀመረ እሳት ላይ መጨመርማ ነበልባሉን ወደ ጀሪካኑ መጥራት ነው። በደንብ የተሠራ ደመራ ከደረቀ ጭራሮ ሌላ አቀጣጣይ አይሻም።

ቋሚውን ከሌላው እንጨት ጋር አንድ አድርጎ ማየት

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሌላው ሁሉ ደረቅ፣ መሃሉ ላይ የሚቆመው ግን እርጥብና ወፍራም መሆን አለበት፤ መጨረሻ ላይ የሚወድቀው እሱ ነውና። ለ5 ሜትር ደመራ ከሥሩ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አጣና ይመረጣል። ጉድጓዱ 80 ሴንቲ ሜትር ይቆፈር፤ በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ በኩል ያለው ዋልካ ግን በመስከረም ገና ለስላሳ ስለሆነ 1 ሜትር ይሻላል። ዙሪያው በድንጋይ ይጠቅጠቅ። የሚደገፉት እንጨቶች እግራቸው ከቋሚው ከ1 ሜትር ተኩል ያላነሰ ይራቅ። አጣብቆ መደርደር እሳቱን ያፍነዋል፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ግማሽ ሜትር በር ተትቶ ጭራሮው በዚያ ይግባ። አደይ አበባውና መስቀሉ ጫፉ ላይ የሚታሰሩት ቋሚው ሳይተከል በፊት ነው፤ ከተተከለ በኋላ መሰላል ማስደገፍ ደመራውን ያፈርሰዋል። ማሰሪያው ልጥ ወይም ሲባጎ ይሁን። የናይለን ገመድ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ በተለይ ችቦ ላይ ከታሰረ የያዘውን ልጅ እጅ ያቃጥላል።

አወዳደቁን መርዳት

ቋሚው ወዴት እንደወደቀ አይቶ ስለ ዓመቱ መተርጎም የቆየ ልማድ ነው፤ ትርጉሙም ከአገር አገር ይለያያል። ስህተቱ ጥሩ ወደሚባለው አቅጣጫ በእንጨት መግፋት ወይም ከሥሩ በአንድ ወገን አብዝቶ ማቀጣጠል ነው። በእጅ የተገፋ ምልክት ምኑ ምልክት ነው? አደጋም አለው፦ ገፊው የሚቆመው ልክ መውደቂያው ሥር ነው።

ቦታን በዓይን መገመት

5 ሜትር የሚረዝም ቋሚ በየትኛውም አቅጣጫ 5 ሜትር ድረስ ይተኛል፤ ስለዚህ ሰዉ ከ10 ሜትር ወዲያ ይቁም፣ ክቡ በኖራ ይሠመር። የመብራት ሽቦ፣ የሸራ ቤትና የመኪና ማቆሚያ ከዚያም በላይ ይራቁ። ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ላይ ከሆነ መጀመሪያ 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ይነጠፍ፤ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ውኃ ያዘለ ድንጋይም በሙቀት ተሰንጥቆ ሊፈናጠር ይችላል።

ጎማ መጨመር

ጥቁሩ ጭስ ለሳንባ መርዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ትርጉሙ ነው። በከተማችን መንገድ ላይ የሚነድ ጎማ የተቃውሞና የተዘጋ መንገድ ምልክት ነው፤ ከሩቅ ያየው ሰው በዓል ነው ብሎ አያስብም። አንድ ጎማ የካህናቱን ቡራኬ፣ ዑደቱንና መዝሙሩን ሁሉ ሸፍኖ ሌላ መልእክት ያስተላልፋል።

በንግግርና በግጥም እሳትን ሁሉ አንድ ማድረግ

ለፕሮግራሙ ግጥም የሚያዘጋጁ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ እሳት ሲሉ ቁጣ፣ ጦርነት ወይም ገሃነም ብቻ ይታያቸዋል። ግጥሙ ደመራው ፊት ሲነበብ ታዲያ እንግዳ ይሆናል። ጠቃሚው ጥያቄ «እሳቱ ካለፈ በኋላ ምን ቀረ?» ነው። አመድ ብቻ ከቀረ ነገሩ ሐዘን ነው፤ «የእሳት ልጅ አመድ» የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። ወርቅ ከቀረ ፈተናና መንጻት ነው፤ የሰምና ወርቅ ቅኔም ከአንጥረኛው የወሰደው ይህንን ነው፣ ሰሙ በሙቀት ይወጣል ወርቁ ይቀራል። ምንም ሳይቃጠል ከቀረ ደግሞ ቅድስና ነው፦ ሙሴ ያየው ነዶ ያልከሰለው ዕፀ ጳጦስ፣ በእቶን ውስጥ የቆሙት ሠለስቱ ደቂቅ፣ ፍሕሙን ተሸክሞ የማይቃጠለው ጽና (የዕጣን ማጠኛው)። በቤተ ክርስቲያን ድርሰት ዕፀ ጳጦስም ጽናውም የእመቤታችን ምሳሌ ሆነው የሚመጡት ለዚህ ነው። ደመራው ከሦስቱም ይለያል፤ እንጨቱ በሙሉ ይነዳል፣ አመዱ ግን አይጣልም፣ ግንባር ላይ መስቀል ይሠራበታል። በግጥሙ መሃል ይህን የሳተ ጸሐፊ ከደመራው ፊት ቆሞ ስለ ቤት ቃጠሎ የሚያወራ ይመስላል።

ቀኑም ይምታታል። መስቀሉ መስከረም 17 ተገኘ ብሎ ማወጅ የተለመደ ነው። በትውፊቱ መስከረም 17 ቁፋሮው የተጀመረበት ሲሆን መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ነው። ችቦዎቹም ሦስት ናቸው፦ ነሐሴ 12 ማታ የሚበራው የቡሄ ሲሆን የታቦርን ብርሃንና በዚያ ሌሊት ዳቦ ይዘው እረኞችን ፍለጋ የወጡ ወላጆችን ያስታውሳል፤ በጳጉሜን መጨረሻ ማታ የሚበራው የአዲስ ዓመት ነው፤ ሦስተኛው የደመራው። ለልጆች ሦስቱን ቀላቅሎ «ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው።

አመዱን በሙቁ መንካትና መጣል

በማግስቱ ጠዋት ሰዎች አመድ ለመውሰድ ይመጣሉ፤ ከላይ የቀዘቀዘው አመድ ሥር የባህር ዛፍ ፍሕም ሊቆይ ይችላል። አመዱ ከዳር ይወሰድ፣ መጀመሪያ በእንጨት ይገለጥ፣ የእጅ ጀርባ ከላይ ተይዞ ሙቀቱ ይፈተን። የተረፈው የኮንዶሚኒየም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተበትኖ፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተረጨበትና እየተማሰለ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። የግንባታ ጣውላ ከነደደ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በገመድ አስራችሁ መሬቱ ላይ ጎትቱ፤ በዓይን ያመለጡ ሚስማሮች የሚገኙት እንዲያ ነው።