95 ከ1200 ሲበልጥ

ጅማ ውስጥ ለአንድ ቡና አቅራቢ የሚዛን መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ዳታውን የሚያስቀምጠውን ፕሮግራም ሞንጎዲቢን (MongoDB) «በክብደት ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድርና የመጀመሪያውን ስጠኝ» ስለው 95 ኪሎ ይላል። መዛኙ ጋሼ «ልጄ፣ የጠዋቱን 1200 ኪሎ እኔው ነኝ የመዘንኩት» አሉኝ።

ሁለት ቀን ኮዱን ፈተሽኩ። ችግሩ ግን ዳታው ውስጥ ነበር፦ ከስልክ የገቡት ክብደቶች በጥቅስ ምልክት የታጠሩ ጽሑፎች ናቸው። ጽሑፍ የሚነጻጸረው ከመጀመሪያው ፊደል ስለሆነ 9 ከ1 ይበልጣል። ይባስ ብሎ፣ ጽሑፍና ቁጥር ከተቀላቀሉ ሞንጎዲቢ ማንኛውንም ጽሑፍ ከቁጥር በላይ ያደርገዋል። «5» እንኳ 1200ን ይቀድማል!

ባክአፕ ይዤ ሁሉንም ቱዱብል ($toDouble) በሚባለው የሞንጎዲቢ ትዕዛዝ ወደ ቁጥር ቀየርኩ፤ ፎርሙም ቁጥር ብቻ እንዲልክ አደረግኩ። ክብደት ላይ ኢንዴክስ (በቅደም ተከተል የተደረደረ ማውጫ) ስጨምርበት ደግሞ መዝገቦቹን በሙሉ ማንበብ ቀረ። አሁን 1200 ይላል፤ ለጋሼም አሳየኋቸው።