ለግሪን ስክሪን ካልተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ባክግራውንድ ሲነሣ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጎንደር የሠርግና የበዓል ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ፣ ሰውን ከተቀረጸበት ቦታ አውጥቶ በፋሲል ግቢ ሕንጻዎች ፊት እንዲያቆም ሲጠየቅ፣ የመጀመሪያው ስህተት የሚሆነው በቀለም የሚሠራውን የግሪን ስክሪን (ከሰው ኋላ የሚዘረጋ አረንጓዴ መጋረጃ) ማጥፊያ መክፈት ነው። ይህ መሣሪያ ቀለምን እንጂ ሰውን አይለይም። በጥምቀት ዕለት ነጠላ ለብሶ በፋሲል መዋኛ ከተቀረጸ ሰው ኋላ ብሩህ ሰማይ ካለ፣ ሰማዩ ሲጠፋ ነጠላውም አብሮ ይሸነቆራል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ስልኮች ቪዲዮ የሚመዘግቡት በ4:2:0 ስልት በመሆኑ፣ ብርሃን ለእያንዳንዱ ፒክስል (የምስሉ ጥቃቅን ነጥብ) ሲመዘገብ ቀለም ግን ለአራት ፒክስሎች አንድ ብቻ ይደርሳል፤ ስለዚህ በቀለም የተቆረጠ ጠርዝ የተሰባበረ ሆኖ ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ምስል የሚሻለው ሮቶስኮፒንግ፣ ማለትም ሰውየውን በማስክ (ምስሉን በሚለይ የተሣለ መስመር) ከብቦ እንቅስቃሴውን መከተል ነው።

ሁለተኛው ስህተት መላ ሰውነቱን በአንድ ማስክ መክበብ ነው። እስክስታ የሚወርድን ሰው ብንወስድ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ወገቡ ብዙም ላይነቃነቅ ስለሚችል፣ ራስ፣ ደረት፣ ትከሻና እያንዳንዱ ክንድ የየራሳቸው ማስክ ያስፈልጋቸዋል። በሴኮንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ የ10 ሴኮንድ ክሊፕ 250 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ ሁሉንም በየተራ እንደ አዲስ መሣል ድካሙ ሳያንስ ጠርዙን ያርገበግበዋል። ትከሻው ከፍና ዝቅ የሚልባቸውን ጫፎች አስቀድሞ ይዞ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እያጋመሱ ማረም እጅግ ይሻላል። በፍጥነት ሲንቀሳቀስ የደበዘዘውን ትከሻ በሹል መስመር መቁረጥም ከወረቀት የተቀደደ ያስመስለዋል፤ ማስኩ ላይ የእንቅስቃሴ ብዥታውን መክፈት ግድ ነው።

ሰውን በራሳቸው ለይተው የሚከተሉት የቪዲዮ ማቀናበሪያ መሣሪያዎች፣ በአፍተር ኢፌክትስ ያለው ሮቶ ብረሽም ሆነ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ማጂክ ማስክ፣ ጥሩ ጅማሬ ይሰጣሉ፤ ሥራውን ጨርሰው ግን አይሰጡም። በአንድ ፍሬም የተሳሳቱት ወደ ቀጣዮቹ ስለሚተላለፍ፣ የነጠላውን ዘርፍና የሹሩባውን ጫፍ ደማቅ ቀይ ከኋላ አድርጎ መመርመር ይገባል፤ በጥቁር ላይ ብዙ ጉድለት ይደበቃል።

የቀድሞው ቦታ ቀለም በጠርዙ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ማጽዳት፣ የብርሃኑንም አቅጣጫ ከአዲሱ ቦታ ጋር ማዛመድ አይዘንጋ። የተለየውን ምስል በተለመደው ኤች 264 ኤምፒ4 ማውጣትም ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል፤ ይህ የፋይል ዓይነት ባክግራውንዱ የተነሣበትን ክፍል ባዶ አድርጎ ስለማይዝ፣ ይህን የሚይዘው የቪዲዮ ዓይነት ፕሮሬስ 4444 ወይም ተከታታይ የፒኤንጂ ምስሎች ይመረጣሉ።